ባዶ የመሰለን መሬት

በፈል የሚባለው ሣር በእጅ አይነቀልም። ግርጌው እንደ ጉቶ የጠነከረ ነው፤ ሥሩ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል። ዲጂኖውን ከሥሩ አስገብቶ፣ በሙሉ ክብደት ተጭኖ መፈንቀል ያስፈልጋል። ሲላቀቅ አሮጌ ጆንያ ሲተረተር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ከዚያ አፈሩን አራግፎ፣ ዘር የያዘውን ጫፍ በጥንቃቄ አጥፎ፣ ወፍራም ከረጢት ውስጥ መክተት ነው። ዘሩ በጣም ቀላል ነው፤ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ በነፋስ ይሄዳል፣ አፈር ውስጥ ገብቶም ለጥቂት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ይህን ሥራ ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ፊኒክስ አጠገብ ካለው ቤቴ ተነስቼ ሁለት ሰዓት ያህል እየነዳሁ በደቡብ አሪዞና ቱሳን ከተማ ዙሪያ ወዳሉት ተራሮች እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚነቅሉት ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ናቸው። የሀገሬ ልጆች «ሣር ለመንቀል ይህን ሁሉ መንገድ?» ይሉኛል። ነገሩን ላስረዳ ስጀምር በረካው ተጠጥቶም አያልቅልኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ምድሩ የሶኖራ በረሃ ይባላል። በረሃ ሲባል አሸዋ ብቻ የሚታየው ሰው እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ ዛፍ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ አበባ አለ። ከሁሉም በላይ ሳዋሮ አለ። ሳዋሮ ክንዶቹን ወደ ሰማይ ያነሳው፣ ብዙዎቻችን በፊልም የምናውቀው ረጅም ቁልቋል ነው። ቁልቋል ያልኩት ለመግባባት ያህል ነው፤ ከእኛ ሀገር ቁልቋል ጋር ዝምድና የለውም፣ ድርቅ ነው ሁለቱን አንድ መልክ ያሲያዛቸው። ሳዋሮ ሲያድግ አይቸኩልም። ስምንት ዓመት ሲሞላው ቁመቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያብበው 35 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የመጀመሪያውን ክንድ ለማውጣት ከ50 እስከ 75 ዓመት ይፈጅበታል። ሲደላው እስከ 150፣ አንዳንዱም እስከ 200 ዓመት ይኖራል። የምድሩ ጥንታዊ ባለቤቶች የሆኑት የቶሆኖ ኦኦዳም ሰዎች ሳዋሮን እንደ ሰው ይቆጥሩታል። በበጋው ሐሩር፣ ዝናቡ ሊመጣ ሲል፣ ቀዩን ፍሬ በረጅም ዘንግ ያወርዱታል። ዘንጉ የሚሠራው ከሞተ ሳዋሮ ውስጥ ከሚገኘው እንጨት ነው። አዲሱ ዓመታቸውም የሚገባው ከዚሁ መከር ጋር ነው።

በእነዚህ ዕፅዋት መካከል ባዶ መሬት አለ። መጀመሪያ ስመጣ ይህን ባዶነት እንደ ጉድለት ነበር የማየው፤ የተራቆተ፣ የተረሳ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የምድሩን ምሥጢር የያዘው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ተክል የውሃ ድርሻውን ይዞ ከጎረቤቱ ተራርቆ ይቆማል። መብረቅ አንዱን ቁጥቋጦ ቢያነደው እሳቱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት የለውም፤ እዚያው አመድ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሰላም ውስጥ የኖሩ ተክሎች እሳትን መቋቋም አልተማሩም። ፓሎ ቨርዴ የሚባለው ዛፍ ግንዱ ራሱ አረንጓዴ ነው፤ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ነበልባል ሲልሰው ይሞታል። ሕፃኑ ሳዋሮ ደግሞ ፀሐይና ውርጭ እንዳይገድለው ከፓሎ ቨርዴ ሥር ተጠልሎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሞግዚቷ ስትቃጠል ሕፃኑም አብሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 አንድ ቅዳሜ ከቤቴ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ጭስ ተነሳ። ማታ ላይ የተራራው ጫፍ እንደ ደመራ ይታይ ነበር። መነሻው አውራ ጎዳና ዳር የተቃጠለ አንድ መኪና ነበር። እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት ከ193,000 ኤከር በላይ፣ በእኛ ልክ 78,000 ሄክታር ያህል፣ አወደመ። በ2005ም በዚያው አካባቢ ከዚህ የሚበልጥ እሳት ተነስቶ ነበር። ታዲያ ባዶው መሬት የት ሄዶ ነው እሳቱ የተሻገረው? በ2020 የቀዝቃዛዎቹ ወራት ዝናብ መልካም ነበር፤ በየክፍተቱ ዓመታዊ ሣር በቅሎ ደርቆ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቀይ ብሮም የሚሉት፣ ከሜዲትራኒያን ዙሪያ የመጣ ሣር ነው። እንደ ወረቀት ይነዳል።

መንገዱ ተከፍቶ ስሄድ ያየሁት ሳዋሮ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልወጣም። ከወገቡ በታች ቆዳው ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ተጠበሰ ድንች ልጣጭ ተሸብሽቦ ነበር። እሾሁ ሁሉ ረግፏል። ከወገቡ በላይ ግን ለምለም አረንጓዴ ነው። የተረፈ መስሎኝ ደስ አለኝ። አንዲት የፓርክ ሠራተኛ ናት እውነቱን የነገረችኝ፦ እሳት የነካው ሳዋሮ ወዲያው አይሞትም፤ በሆዱ ባጠራቀመው ውሃ ዓመታት ሊቆም፣ ሊያብብም ይችላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይወድቃል። በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ሳየው አናቱ ላይ ነጭ አበባ ነበር። በአራተኛው ዓመት መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘሁት።

ቀይ ብሮም ዓመታዊ ነው፤ ዝናብ በቀነሰበት ዓመት ይቀንሳል። እኛ የምንነቅለው በፈል ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ከአንድ ግርጌ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ድንጋያማ ተዳፋት አይበግረውም፤ ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶ ተራራውን ወርቃማ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ከሩቅ ሲታይ ያምራል፤ እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ሲቃጠል ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፤ ሙቀቱም በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያበስላል። እሱ ራሱ ግን አይሞትም። ሥሩ መሬት ውስጥ ስለተረፈ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ያቆጠቁጣል። ሣሩ እሳቱን ይጠራል፣ እሳቱ ለሣሩ ቦታ ይጠርጋል፤ በየዙሩ ሳዋሮው ይቀንሳል፣ ሣሩ ይጨምራል። በዚህ መንገድ ነው አንድ የዛፍና የቁልቋል ምድር፣ አንድም ሰው ሳይወስን፣ የሣር ሜዳ የሚሆነው።

እንግዲህ ይህ ሣር ከየት መጣ? የእኛ ነው። አፍሪካ ውስጥ በሰፊው ይበቅላል፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ከጥሩ የግጦሽ ሣሮች አንዱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ከብት የጋጠውንና ነፋስ የጠረገውን የምዕራቡን አፈር የሚይዝለት ተክል በየአህጉሩ ይፈልግ ነበር። በ1946 ቴክሳስ ላይ ለገበሬ የታደለው የበፈል ዝርያ ዘሩ የተሰበሰበው ከሰሜን ኬንያ፣ ከእኛ ደቡብ ኦሞ ጋር ከሚዋሰነው ከቱርካና ምድር ነው። ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ለከብት ርቢ ሲባል በረሃው እየተመነጠረ በሰፊው ተዘራ። አሪዞና ጎጂ አረም ነው ብላ በሕግ የመዘገበችው በ2005 ነው። በመካከሉ ስልሳ ዓመት ያህል አልፏል።

በአንድ የሐበሻ ሱቅ የተዋወቅኋቸው የያቤሎ ሰው አሉ፤ ልጆቻቸው አምጥተዋቸው ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ከተራራው ያነሳሁትን ፎቶግራፍ አሳየኋቸው።

«ይህ የት ነው?» አሉ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው።

«እዚሁ ነው ጋሼ። ቱሳን።»

«መታ ጉዴሳ!» አሉ። በኦሮምኛ ባለ ትልቅ ራስ እንደማለት ነው። ዘመድ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር ድምፃቸው። «ይህማ ጥጃ የሚያፋፋ ሣር ነው። ምን እያደረጋችሁት ነው?»

«እየነቀልነው ነው።»

«ለከብት?»

«አይደለም ጋሼ። ልንጥለው።»

ስልኩን መለሱልኝና ዝም አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው ነው የተናገሩት። «ሣር የሚጥል ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።»

ስለ ሳዋሮው፣ ስለ እሳቱ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና የራሳቸውን ነገሩኝ። በቦረና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ድሮ ሽማግሌዎች መክረው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ያረጀውን ሣር በእሳት ያቃጥሉት ነበር። እሳቱ መዥገሩን ይገድላል፣ ቁጥቋጦውን ገና በለጋነቱ ይቀጫል፣ ዝናቡ ሲጥል አዲስ ሣር ይወጣል። በደርግ ዘመን ማቃጠል ተከለከለ። ከልካዮቹ ክፉ አስበው አልነበረም፤ እሳት ጥፋት ነው ብለው ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሳጳንሳና ፉለንሳ የሚሏቸው እሾሃማ ግራሮች ሜዳውን እየዋጡት መጡ። እነዚህ ዛፎች እንግዳ አይደሉም፤ የዚያው ምድር ልጆች ናቸው፤ የሚገራቸው እሳት ሲጠፋ ነው ልቅ የሆኑት። ከብት የሚግጠው ሣር ከሥራቸው ጠፋ። በእርግጥ ለዚህ ድርቁም፣ የሕዝቡና የከብቱ መብዛትም፣ የግጦሽ መሬት መታጠሩም ድርሻ አላቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን የቀሰሩት በእሳቱ ላይ ነው፤ አጥኚዎችም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በቅርብ ዓመታትም በቁጥጥር ማቃጠልን መልሶ የመሞከር ሥራ ተጀምሯል።

የመታ ጉዴሳ ሀገር እሳት ያስፈልገዋል። የሳዋሮ ሀገር እሳት አያውቅም። ሣሩን ከአንዱ ወደ ሌላው የወሰደው ሰው፣ ሳያውቀው፣ እሳቱንም አብሮ በከረጢት ይዞ መጥቷል።

እኔ ራሴ ያደግሁት መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ነው። አባቴ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ነበር። ሙቀቱን ያላየው ሰው አይገባውም፤ በሰኔ ቀትር ላይ የቆርቆሮ በር በባዶ እጅ አይነካም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ መጣ። በረሃማነትን ይከላከላል፣ ነፋስ ይሰብራል፣ ጥላ ይሆናል ተባለ። ቃሉም ተፈጽሟል፤ በረሃብም በድርቅም አይሞትም ነበር። አባቴ በአጥራችን ዙሪያ ስድስት ችግኝ ተከለ። የቢጫው ፍሬ ልጥ ይጣፍጣል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እያኘክን እንመጣ ነበር። ፍየሎቹም ይወዱታል። ከሰዓት በኋላ እናቴ ከዛፉ ሥር ቡና ታፈላለች። ስለዚያ ጥላ አሁንም ክፉ መናገር ይከብደኛል።

ፍየሉ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ ግን ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፤ በበጠጥ ወጥቶ፣ ማዳበሪያውን ይዞ፣ ሌላ ቦታ ይበቅላል። የአዋሽ ጎርፍ የቀረውን ያደርሳል። ዛሬ በአፋር ክልል ፕሮሶፒስ የያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። የወረረው ደግሞ ደረቁንና ጠፉን አይደለም፤ የወንዙን ዳርቻ፣ ድርቅ ሲመጣ ከብት የሚሸሽበትን ለም ግጦሽ ነው። በአሊዳጊ ሜዳ፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ ያነሰው የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚግጥበት ሣር ላይም ገብቷል። ቢቆርጡት ከጉቶው ዘጠኝ አሥር ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ «ነገርን ከሥሩ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ዛፍ የተባለ ይመስላል፣ ከመሬት በታች ቆፍረው ካልቆረጡት አይሞትምና። አፋሮች «ደርጊ ሀራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ማን እንዳመጣባቸው ስሙ ላይ ጽፈውታል።

በ2009 ዓ.ም. ለአባቴ ሐዘን ስመለስ ከቤታችን ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። መንገድ ስል በእግር የምንሄድበትን ነው። የአጥሩ ስድስት ዛፎች የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያበቁ መለየት አልቻልኩም። በልጅነቴ አብሮኝ ኳስ የተጫወተ የአፋር ጓደኛዬ ከአጥሩ ዳር ቆሞ «እዚህ ሆኜ ግመሎቼ ውሃ ሲጠጡ አያቸው ነበር» አለኝ። ከፊታችን አምስት እርምጃ አይታይም። ከላሞቹ አንዷ ፍሬውን ብቻ ስትበላ ኖራ መንጋጋዋ ታሞ ነበር፤ ሣር ብታገኝ እንኳ ማኘክ አቅቷታል። ለእሱ ምን እንደምል አላወቅሁም። አባቴ ችግኞቹን ሲተክል ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ስለ መፍትሔው በብዙ አልናገርም፤ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በአሚባራና በገዋኔ ዛፉን ከሰል የሚያደርጉ፣ ፍሬውን ፈጭተው ለመኖ የሚያቀርቡ ማኅበራትን አግዞ ነበር። ፍሬው ከተፈጨ ዘሩም ይሞታልና ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከሰሉ ግን ሁለት ስለት አለው፤ በፕሮሶፒስ ስም ነባሩ ግራር አብሮ ሲቆረጥ ማን ይለየዋል? እዚህ አሪዞናም የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ይረጫል፤ እኔ መርጨት አልወድም፣ ነገር ግን በዲጂኖ ብቻ የማይደረስባቸው ገደሎች ስላሉ አልቃወምም። የሚሠራውም ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ብቻ ነው፤ ከሞቃቱ ወራት ዝናብ በኋላ ያለችው ጥቂት ሳምንት ካለፈች ለዓመቱ አለቀ።

ቱሳን ውስጥ የገጠመኝን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ እዚህ ሀገር በቀል ነው፤ መስኪት ይባላል። ዝርያው ከአፋሩ ይለያል፣ ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። እዚህ ሳዋሮን በጥላው የሚያሳድግ የተከበረ ዛፍ ነው፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ፍሬውን ከጥንት ጀምሮ ይፈጩታል፤ ዛሬም በከተማው ወፍጮ ቀርቦ ሰዎች የለቀሙትን የሚያስፈጩበት ቀን አለ። አንዲት ሴት ከዱቄቱ የተጋገረ ብስኩት ሰጠችኝ። ስቀምሰው ከትምህርት ቤት ስመለስ የማኝከው ጣዕም ነበር። ብስኩቱን በእጄ እንደያዝኩ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። የእነሱ ዛፍ ዘመድ እኛ ጋ ግጦሽ ይውጣል፤ የእኛ ሣር እነሱ ጋ ሳዋሮ ያቃጥላል፤ ሁለቱም በየሀገራቸው ሰው የሚመርቃቸው ናቸው።

የሚያንገበግበኝ ሁለቱም የመጡት በአንድ ሐሳብ መሆኑ ነው። ከቢሮ የመጣ ሰው ደረቁን ምድር አየና «ባዶ ነው፣ እንሙላው» አለ። እዚያ ከብት የሚያግደውን አልጠየቀም፤ እዚህ ፍሬ የሚለቅመውን አልጠየቀም። ሳዋሮን ከእሳት የጠበቀውም፣ ለአፋሩ ግመሎቹን ከሩቅ ያሳየውም ያው ባዶ የተባለው መሬት ነበር። ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ስንተክል የምንኮራበት ቁጥሩ ነው። እኔም እኮራለሁ፤ የተራቆተ ኮረብታ ሲለብስ ማየት ደስታ ነው። ግን ሜዳ ሆኖ የኖረን ሜዳ የተራቆተ ነው ብሎ ዛፍ የሚተክልበትን ሰው ባገኝ፣ እጁን ይዤ አሚባራ ወስጄ ከአባቴ አጥር ሥር ባቆመው እወድ ነበር።

ባለፈው የካቲት የያቤሎው ሰውዬ «እኔም ልምጣ» አሉኝ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ተዳፋቱ ላይ እንዳይወጡ ብለምናቸው አልሰሙኝም። ዲጂኖውን ተቀብለው የመጀመሪያውን ጉቶ ሲፈነቅሉ፣ ከእኛ ማንም ያላደረገውን አደረጉ፤ የሣሩን ግርጌ በጣታቸው ፈልቅቀው ዕድሜውን አዩ። «አርጅቷል» አሉ። «ከብት አልነካውም።»

እስከ ቀትር ድረስ ሠሩ። እኛ የነቀልነውን እንደነገሩ ከረጢት ውስጥ ስንወረውር፣ እሳቸው ግን ሥሩን ወደ አንድ ወገን፣ ራሱን ወደ ሌላው ወገን አስተካክለው፣ በራሱ በሣሩ ጠምዝዘው አሰሩት። ሰባት ነዶ አሰሩ። ድንጋይ ላይ በተርታ ደርድረው ቆመው አዩት። ሥራውን የምትመራው ወጣት መጥታ ዘሩ እንዳይበተን ከረጢት ውስጥ መግባት እንዳለበት በትሕትና ነገረቻቸው፤ እኔ ተረጎምኩ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከረጢቱን ለመያዝ ብጠጋ እጄን መለሱት። ነዶዎቹን አንድ በአንድ አንስተው ራሳቸው ከተቱ፤ ሰባተኛውን ከመክተታቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።